«አገር ከድቷል» የተባለው ሰው፦ ከደብረ ማርቆስ አንድ እድር የተመዘገበ የጉዳይ ጥናት

ለምን ጻፍኩት

ይህን ጉዳይ የማውቀው እንደ እድሩ ጸሐፊ ነው። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ጋር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ተቀምጫለሁ። የባለጉዳዮቹን ስም አልጽፍም፤ የእድሩንም እንዲሁ። ሁለቱም ረቂቁን አይተው እንዲወጣ ፈቅደዋል። ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ አንቱታውን ትቻለሁ፤ በአካል ግን እንዲህ ብዬ አልጠራቸውም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። አንድ ፖለቲከኛ ከጠላት መንግሥት ባለሥልጣን ጋር በድብቅ ከተገናኘ አገሩን ከድቷል ማለት ነው? እኛ ዘንድ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ባንዳ»። ይህ ቃል ጎጃም ውስጥ ምን ያህል እንደሚያቆስል እዚያ ያደገ ያውቀዋል። በጣሊያን ጊዜ አያት የሠራው ሥራ ዛሬም የልጅ ልጅ ሲታጭ ይነሳል። ቃሉን ከመወርወር በፊት ምን መጠየቅ እንዳለበት እኛ በብዙ ስህተት ነው የተማርነው።

ዳራው

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በሰኔ 2010፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሦስት ድርጅቶችን ከአሸባሪነት መዝገብ ሰርዟል። ሐምሌ 2 ቀን የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች አሥመራ ላይ የጦርነቱ ዘመን አበቃ ብለው ተፈራርመዋል። ሃያ ዓመት የተዘጋው ስልክ ተከፍቷል። መቀመጫቸውን አሥመራ ያደረጉ ተቃዋሚዎች ወደ አገር ቤት ገብተዋል።

ከተመለሱት አንዱ የሰፈራችን ሰው ነው። ተመላሹ እለዋለሁ። ዕድሜው ስድሳ ገደማ ነው። ድሮ አስተማሪ ነበር፤ ግማሹን ሰፈር ያስተማረው እሱ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ተወዳድሯል። ከዚያ በኋላ በሕግ በተመዘገበ አንድ ፓርቲ ውስጥ አመራር ሆነ። በ2003 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ወጥቶ አሥመራ ገባ። ሲመለስ ሰው በእልልታ ነው የተቀበለው። የእድራችን ዳኛ አርጅተው ሥራውን ሊለቁ ስለነበር ብዙ ሰው «ጋሼን እንምረጥ» አለ።

ከሳሹ እህል ነጋዴ ነው። ወንድሙ በየካቲት 1991 ዓ.ም. ባድመ ላይ ሞቷል። አስከሬኑ አልመጣም። እናቱ የሟቹን የስምንተኛ ክፍል ደብተር በነጠላ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋል። እኔም አይቼዋለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የሒሳብ ፈተና ውጤት አለ፤ እርማቱ በተመላሹ እጅ የተጻፈ ነው።

የፈነዳበት እሁድ

ስብሰባው በእድሩ ዕቃ ቤት ነበር። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ፣ ብረት ድስቱ ተደርድሮ፣ እኛ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን። የተመላሹ ስም ለዳኝነት ሲጠራ ነጋዴው ተነሳ።

«ይህ ሰው ወንድሜን ከገደለው መንግሥት ሹም ጋር ካርቱም ሆቴል ተቀምጦ ቡና ጠጥቷል» አለ። «አገሩን የከዳ ሰው የእናቴን ሬሳ አያነሳም።»

ተመላሹ ቀለሙ ተለወጠ። «ምሕረት ተሰጥቶኛል» አለ። በዚያ ሰሞን ለፖለቲካ ወንጀሎች የምሕረት አዋጅ ወጥቶ ነበር።

«ምሕረት የሚሰጠው ላጠፋ ነው» አለ ነጋዴው።

ስብሰባው ያለ ምርጫ ተበተነ። በሁለት ሳምንቱ አንዲት ጎረቤት አረፉ። ለቀብሩ የወጣው ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ድንኳን ውስጥ ተቀመጠ፤ ግማሹ ውጭ አጥር ሥር ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር በእድራችን አይተን አናውቅም። የሟች ልጆች በዚያ ሐዘናቸው ላይ «እባካችሁ ግቡ» እያሉ ሲለምኑ ማየት በጣም ያሳፍር ነበር። ሽማግሌ የተቀመጠው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ ያደረግነውና ያልያዘው

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንድ መሪጌታ፣ አንድ ሰማንያ ዓመት የደፈኑ የአርበኛ ልጅ፣ እና የእድሩ ገንዘብ ያዥ የሆኑ እናት።

መጀመሪያ የለመድነውን አደረግን። ሁለቱን አገናኝተን «ይቅር ተባባሉ» አልን። ነጋዴው «ምኑን ነው ይቅር የምለው? ያደረገውን መቼ ነገረኝ?» አለ። ልክ ነበር። እኛ ነገሩን ለመሸፈን ነበር የቸኮልነው።

ቀጥሎ መሐላ አሰብን። ተመላሹ «አገሬን አልከዳሁም» ብሎ ይማል፣ ነገሩ ይዘጋ አልን። እሱም ለመማል እጁን ዘረጋ። መሪጌታው አስቆሙት። «አገር መክዳት ማለት ምን እንደሆነ እኛ ሦስታችን አንድ ነገር አንልም። እሱ ምን ብሎ ይማል? ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አሉ። ያን ቀን ሽምግልናው አቅጣጫ ለወጠ።

ሕጉን ስናየው

ከጎረቤት አንድ ወጣት የሕግ መምህር ጠራን። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ይዞ መጣና ጮክ ብሎ አነበበልን። አንቀጽ 248 ስለ ከፍተኛ ክህደት ነው። በአገር ላይ መሣሪያ ማንሳትን፣ በጦርነት ጊዜ ለጠላት ማገልገልን የመሰለ ነገር ይላል። አንቀጽ 249 ክህደትን ያወራል። የመንግሥትን ምስጢር ለውጭ አሳልፎ መስጠት፣ ወይም አገርን ወክሎ የተላከ ሰው አውቆ የአገሩን ጥቅም በሚጎዳ መንገድ መደራደር። አንቀጽ 246 ደግሞ የውጭ ኃይል በአገር ጉዳይ ጣልቃ እንዲገባ ወይም ጠብ እንዲጭር የሚያደርግን ሰው ይመለከታል። ባነበብናቸው አንቀጾች ውስጥ «ተገናኘ» ብቻ ተብሎ የሚያስቀጣ አላገኘንም። ሁሉም ድርጊት ይጠይቃሉ።

ከባዱ «ጠላት» የሚለው ቃል ነበር። ጦርነቱ በግንቦት 1990 ተጀመረ። በሰኔ 1992 ተኩስ ቆመ። በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የካርቱሙ ግንኙነት የተደረገው በ2001 ዓ.ም. ነው። በወረቀት ጦርነት የለም። መሬት ላይ ግን ድንበሩ ዝግ ነው፤ ሠራዊት ከሠራዊት ተፋጥጧል። የሕግ መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ነጋዴው ዝም ብሎ ሰማው። ከዚያ «ለእናቴ አላለቀም» አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም። ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም ብዬ አምናለሁ። የእናት ሐዘን ትክክል ነው፤ ሰው የሚፈረድበት ግን በሐዘን ልክ አይደለም።

መምህሩ የአሜሪካንም ነገር አነሳ። እዚያ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ክህደትን ጠበብ አድርጎ ተርጉሞታል። በአገር ላይ ጦር ማንሳት፣ ወይም ከጠላት ጋር ወግኖ መርዳት ብቻ ነው። ለዚያውም ያንኑ አንድ ድርጊት ያዩ ሁለት ምስክሮች ይፈለጋሉ፤ ወይም ሰውዬው በችሎት ፊት ማመን አለበት። ያለ ሥልጣን ከተጣላ የውጭ መንግሥት ጋር የሚደራደር ዜጋን የሚቀጣ ሌላ ሕግም አላቸው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1799 የወጣ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በዚህ ሕግ የተከሰሱት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የተፈረደበት የለም። መሪጌታው ሁለት ምስክር ሲባል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼማ የመጽሐፍ ቃል ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነገር ሁሉ ይጸናል» አሉ።

በመጨረሻ መምህሩ አንድ ነገር አስጠነቀቀን። እናንተ ፍርድ ቤት አይደላችሁም፤ የወንጀሉን በር ምሕረቱ ዘግቶታል፤ እናንተ የምትጠይቁት ይህ ሰው ይታመናል ወይ የሚለውን ነው አለ። ይህ ብዙ ጠቀመን።

የራስ ኃይሉ ነገር

ደብረ ማርቆስ ላይ ስለ ክህደት ተወርቶ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ሳይነሱ አይቀሩም። ጎጃምን ሠላሳ ዓመት ያህል ገዝተዋል። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ተሻሩ። ንብረታቸው ተወረሰ፤ ታሰሩ። በ1928 ጣሊያን ሲገባ ከጣሊያን ጋር ሆኑ። በታኅሣሥ 1929 የራስ ካሣ ሁለት ልጆች፣ አበራና አስፋ ወሰን፣ በእሳቸው አማላጅነት ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያን ገደላቸው።

የአርበኛው ልጅ ይህን ያነሱት ነጋዴውን ለመደገፍ ነው ብለን ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሌላ ወሰዱት። «አባቴም ከባዕድ ጋር ተላልኳል» አሉ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ ቡድን ከሱዳን ተነስቶ ጎጃም ገባ፤ አርበኞቹን ለማግኘት። ንጉሡ ያን ጊዜ ካርቱም ነበሩ። በጥር 1933 በኦሜድላ በኩል ገቡ። መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። «ያን ጊዜ አባቴን ጣሊያን ሽፍታ ይለው ነበር። የባዕድ መልእክተኛ ነው ይለው ነበር። መልእክቱም የመጣው ከዚያው ከካርቱም ነው። ታዲያ አባቴ ባንዳ ነው?»

ዕቃ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ታሪክ አስተምራለሁ፤ እነዚህን ዓመተ ምሕረቶች በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋቸዋለሁ። እንዲህ ጎን ለጎን አድርጌ ግን አስቤያቸው አላውቅም። ከካርቱም ጋር መላላክ አንዱን አርበኛ፣ ሌላውን ከሃዲ አያደርግም። ራስ ኃይሉን የሚያስጠይቃቸው ከጣሊያን ጋር መነጋገራቸው ብቻ ሳይሆን ፍቼ ላይ የሆነው ነው። በቃላቸው የወጡ ሰዎች ሞቱ።

ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመሩ። አምስት ዓመት ጣሊያንን የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞቱ። ያን ዕለት አብረው ከተሰቀሉት አንዱ የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበሩ። ራስ ኃይሉ ግን አልተሰቀሉም። «እዚህ አገር ገመድ ሁልጊዜ የከዳውን ለይቶ አያውቅም» አሉ። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ።

አራቱ ጥያቄዎች

ከዚህ በኋላ አራት ጥያቄ አወጣን። ከማን ጋር፣ መቼ፣ በምን ሥልጣን ተገናኘህ? ምን ሰጠህ? ምን ተቀበልክ? ማን ያውቅ ነበር? ሦስት ማታ በገንዘብ ያዧ ቤት ተቀመጥን። ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አንዳንዴ መደማመጥ ያቅተን ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቶሎ አለቀ። ካርቱም ለሕክምና ብሎ ሄደ። የኤርትራን ባለሥልጣን ሁለት ጊዜ አገኘ። በወቅቱ የሕጋዊ ፓርቲ አመራር ነው። ፓርቲው አልላከውም።

በሁለተኛው ላይ ቆየን። ነጋዴው «ቡና ስትጠጡ ማን ከፈለ?» ብሎ ጀመረ። ተመላሹ ትንሽ አሰበና «ቡና አልነበረም፤ ከርከዴ ነው» አለ። ወረቀት ጠይቆ የሆቴሉን ግቢ ሣለ። ዛፉ እዚህ፣ ጠረጴዛው እዚህ፣ እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ። ነጋዴው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ አየው። እኔ ጥያቄው ለነገር ፍለጋ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አሥር ዓመት ያህል በጭንቅላቱ ሲስለው የኖረውን ክፍል በትክክል ማየት ፈልጎ ነው።

ምን ሰጠ? ወታደራዊ ነገር አላወቀም፤ አልሰጠም። ስለ ፓርቲው ውስጥ ነግሯቸዋል። ማን በሰላማዊ ትግል ተስፋ ቆርጧል፣ ማን አልቆረጠም፤ በስም። ምን ተቀበለ? ለመንገድ ሁለት ሺህ ዶላር። ይህን ሲናገር ሲኒውን ደፍቶ እያዞረ ነበር።

አራተኛውን ጥያቄ ሲሰማ ዝም አለ። ማንም አያውቅም ነበር። ወሬው ሲያፈተልክ ሁለት የፓርቲ ጓደኞቹ ታሰሩ። አንዱ አሥራ አራት ወር ቆየ። ገንዘብ ያዧ «እነዚህ ሰዎች እውነቱን ዛሬ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁ። አላወቁም። «እንግዲያው ከእኛ በፊት ለእነሱ መንገር ነበረብህ» አሉት።

አሥራ አራት ወር የታሰረው ሰው ፍኖተ ሰላም ይኖራል። ተመላሹ ደወለለት። ስልኩን ድምፅ ከፍቶ ዱካው ላይ አስቀመጠው፤ ሽማግሌዎች አብረውት እንዳሉም ነገረው። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ከወዲያ ብዙ ጊዜ ድምፅ አልመጣም።

«እኔ አሥራ አራት ወር ሙሉ ማንም ከማንም አልተገናኘም እያልኩ በልጄ ስምል ነበር» አለ ሰውዬው በመጨረሻ። «በልጄ፣ ወንድሜ። በውሸት አስማልከኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ነጋዴው ጋቢውን ሰብስቦ ተነሳ። በሩ ላይ ቆሞ «እኔ አገር ከዳ ብዬ ነበር» አለ። «የከዳው ይህን ሰው ነው።»

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ውሳኔው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ተነበበ። ነጋዴው «አገር ከድቷል» ያለውን በአባላት ፊት አነሳ። ግንኙነቱን ስለመደበቁ ያለውን አላነሳም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ተመላሹ ያደረገውን በራሱ አፍ ተናገረ፤ ዶላሩን ጨምሮ። ለዳኝነት መወዳደሩን ተወ፤ አባልነቱ ጸና። ዳኛ ሆነው የተመረጡት ገንዘብ ያዧ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በነበሩ ቀብሮች ድንኳኑ አልተከፈለም።

የሠራው ጥያቄውን መከፋፈላችን ነው። «ክህደት ነው፣ አይደለም» ሲባል ሁለቱም ወገን ምሽግ ይቆፍራል። «ምን ሰጠህ?» ሲባል ግን መልሱ የሆነ ነገር ነው፤ ይመዘናል።

ያልሠራውም ብዙ ነው። ጉዳዩ ሳያልቅ እኔ ለአንድ ወዳጄ አጫወትኩት። በሦስተኛው ቀን ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ከተመላሹ ፎቶ ጋር። የተመላሹ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ «የባንዳ ልጅ» ተባለች። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ የተባለችውን ግን መመለስ አልችልም። ዛሬም ቃሉን ያልተዉ አባላት አሉ።

በገንዘቡም አልተስማማንም። መሪጌታው የመንገድ ስንቅ ነው ብለው አቀለሉት። እኔ አላቀልለውም። ሰው ሐሳብ ተነጋግሮ ሊለያይ ይችላል፤ ገንዘብ የተቀበለ ግን ባለዕዳ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ከአራቱ ጥያቄዎች ለክህደት በጣም የሚቀርበው ሦስተኛው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሌላ ቦታ የሚጠቅም

መጀመሪያ የቃሉን ትርጉም ተስማሙ፤ መሐላና ይቅርታ ከዚያ ይምጣ። እኛ በተቃራኒው ሄደን ሁለት ወር አጠፋን።

የጠላትነት ቀን መቁጠሪያ ድርጊትን አይለውጥም። በ2001 «ጠላት» የተባለው መንግሥት በ2010 በክብር እንግድነት መጥቷል። ግንኙነቱ ክፉ ከነበረ ሰላም ስለወረደ አይነጻም። ክፉ ካልነበረ ደግሞ ነገ እንደገና ብንጣላ አይቆሽሽም። ስለዚህ «ያኔ ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማን ጋር ዛሬ ወዳጅ ነን የሚለውን ወደ ጎን ተዉት።

ፖለቲካ ውስጥ ላላችሁ፦ ከተጣላን መንግሥት ሰው ጋር መነጋገር የሚያስፈልግበት ጊዜ ይኖራል። ሰላምም አንዳንዴ የሚጀምረው እንዲያ ነው። ግን ከጓደኞቻችሁ ቢያንስ አንዱ አስቀድሞ ይወቅ፤ የተባለውም በጽሑፍ ይቀመጥ። እኛ ያየነው ጉዳት የመጣው ከካርቱሙ ጠረጴዛ ይልቅ ካለመናገሩ ነው። ምንም ያላወቁ ሰዎች ለእሱ ሲሉ ታሰሩ።

ለሚከስሱም፦ ነጋዴው አንድ ነገር በትክክል ሠርቷል። በጀርባ አላማም፤ ሰውዬው ባለበት ተናገረ። ያን ባያደርግ ኖሮ እውነቱ ዛሬም አይታወቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ

በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ መጀመሪያ «የአገር ክህደት ክስ» ብዬ ጽፌ ነበር። በሽማግሌዎቹ ትእዛዝ ሰርዤ ከላዩ «ያልተነገረ ግንኙነት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ፈርመውበታል። ስረዛው ግን ከሥሩ ይነበባል።

ነጋዴው የወንድሙን ደብተር አንድ ቀን ለተመላሹ አሳየው። ተመላሹ የእርማት ጽሕፈቱን አወቀው። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም።

የፍኖተ ሰላሙ ሰው ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎ ነበር፤ አልመጣም። ተመላሹ በየእሁዱ ከቅዳሴ በኋላ ይደውልለታል። አንዳንዴ ያነሳል።